የአራተኛው ጣቢያ የራት ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1920 ዓ.ም. የመጋቢት ወር ሲጋመስ፣ የብርዱን ወራት ሁሉ የሃርተን ከተማን ወንዝ ሸፍኖት የከረመው በረዶ እየተሰነጠቀ መውረድ ጀመረ፤ የጥጥ ፋብሪካዎቹም ጭስ ከጣሪያዎች በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቶ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ትንሿ ካናዳ አለች፤ ከኬቤክ የወረዱ ሸማኔዎችና ፈታዮች ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ተደራርበው የሚኖሩባት፣ ጾሟን የማትሽር፣ ወሬዋን ከሰገነት ወደ ሰገነት የምትቀባበል ሰፈር ናት። በመግቢያዋ ላይ ቀይ ጡብ የለበሰው አራተኛው የእሳት አደጋ ጣቢያ ቆሟል፤ አዛዡም ሻምበል ቴሌስፎር ዴሮሼ ነበሩ።

ሻምበል ቴሌስፎር ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጢማቸው ከብዙ ጢስ የተነሣ ቀለሙ የማይታወቅ ሰው ነበሩ። በመጪው ጥቅምት ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቢያውን ሰው እንዳለበት ማስረከብ። ይህም ምኞት በዚያ ዓመት ቀላል አልነበረም።

በዚያ ዘመን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ኑሮው ጣቢያው ነው፤ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል፤ በየስድስት ቀኑ አንድ ቀን ያርፋል። ከዚያ በቀር ቤተሰቡን የሚያየው በምግብ ሰዓት ነው። ቁርስ፣ ምሳና ራት ሲደርስ ሰዎቹ በየተራ አንድ አንድ ሰዓት እየተፈቀደላቸው ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ፤ ሾርባቸውን ጠጥተው፣ ልጃቸውን ስመው፣ ሚስታቸው የምትነግራቸውን ግማሹን ሰምተው ይመለሳሉ፤ የቀረውን ግማሽ በሚቀጥለው ምግብ ይሰሙታል። የሻምበሉ ባለቤት መዳም ዴልፊን ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ፣ ባላቸው የተሰጧቸው በጭልፋ እየተጨለፉ ነው ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ የዱቄቱ፣ የከሰሉና የጫማው ዋጋ እጥፍ ሆነ፤ የከተማው ምክር ቤት ግን የእሳት አደጋውን ሰው ደመወዝ ከጦርነቱ በፊት ከነበረበት አላነቃነቀውም። ባለፈው ዓመት በጀት ለአራተኛው ጣቢያ ናሷ የሚያበራ አዲስ ቀይ መኪና ተገዛች፤ ከንቲባውም አጠገቧ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። መኪናዋ ያጎደለችውን ለማካካስ ሲባል ግን፣ ሥራ በሚለቅ ሰው ቦታ ማንም እንዳይቀጠር ተወሰነ። ሰው ሲሄድ የቀሩት ሰዎች ዕረፍት ይርቃል፤ ዕረፍቱ ሲርቅ ሌላው ይሄዳል። እንዲህ እያለ አራተኛው ጣቢያ ከዘጠኝ ሰው ወደ ስድስት ወረደ፤ የዕረፍቱም ቀን በየስድስቱ መሆኑ ቀርቶ በየዘጠኙ ሆነ። ከሰዎቹ ሁሉ ወጣቱና ተረበኛው ዜፊሪን ቡሼ መኪናዋን በጠረገ ቁጥር፣ የዘንድሮው በጀት ደግሞ የሚሳፈርባት ሰው ይገዛልን ይሆናል እያለ ያስቃቸው ነበር።

መኪናዋን የሚነዳው ኦቪላ ቱርኮት ነበር። ሻምበሉ ገና በፈረሱ ዘመን ልጓም አስጨብጠው ያሳደጉት፣ ከእርሳቸው በኋላ ጣቢያውን ይይዛል ብለው በልባቸው ያስቀመጡት ሰው ነው። አንድ ጠዋት መጥረጊያ ጨርቁን እንደያዘ ሲጠጋቸው ገና ሳይናገር ገባቸው።

"ሻምበል፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።"

"ፋብሪካው ነው አይደል?"

"ማን ነገረዎት?"

"ናሱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስታሽ አረፈድክ። ሰው እንዲህ የሚሆነው ወይ ሊያገባ ሲል ነው፣ ወይ ሊሄድ ሲል። አንተ ደግሞ አግብተሃል።"

ኦቪላ ሳቅ ብሎ ነገሩን ዘረዘረ። ታላቁ ፋብሪካ የራሱን የእሳት ጥበቃ አቋቁሟል፤ ከተማው በሳምንት ሃያ ሁለት ዶላር የሚሰጠውን ሰው ፋብሪካው በሠላሳ ስምንት ይወስደዋል፤ ከዚያም በላይ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ለባለቤቱ ለአልፎንሲን ይህን ሲነግራት የልጆቹን ያለቁ ጫማዎች አውጥታ ፊቱ ደረደረችለት።

"ገንዘቡን እንኳ ተዉት" አለ ኦቪላ። "ትናንት ራት ልበላ ስገባ ትንሹ ልጄ እናቱን ጠርቶ ምን አላት መሰለዎት? 'እማዬ፣ ጌታው መጡ' አላት። ሾርባ ሊጠጣ የሚመጣ እንግዳ መስየዋለሁ።"

ሻምበሉ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ከዚያም እስከ በጀቱ ጉባኤ ድረስ ብቻ እንዲጠብቃቸው ለመኑት።

"ጠብቄ ነገሩ ባያምርስ?"

"ያኔ ሻንጣህን እኔው ራሴ ተሸክሜ ፋብሪካው በር አደርስልሃለሁ።"

የምክር ቤቱ የበጀት ሹም ሚስተር ኢላይጃ ስቶዳርድ ይባላሉ፤ የእንጨት ነጋዴ፣ ከድሮዎቹ የከተማው ተወላጆች የሆኑ፣ ዕቃ የታሰረበትን ሲባጎ ሳይቀር ጠቅልለው የሚያኖሩ ቆጣቢ ሽማግሌ ናቸው። ሰዎች ክፉ ናቸው ቢሏቸውም ክፉ አልነበሩም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ አደራ ሲሰጣቸው የሚጨንቃቸው ሰው ነበሩ። ለእሳት አደጋው ዋና አዛዥም ግልጹን ነገሩት፤ ከተማው ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ወይ የሁሉም ደመወዝ በሲሶ ያድጋል፤ ወይ ደመወዙ ባለበት ቆይቶ አዲስ ሰው ይቀጠርና ሥራው በሁለት ፈረቃ ይከፈላል፤ ግማሹ ሰው ቀን ይሠራል፣ ግማሹ ሌሊት፤ ተረኛ ያልሆነው ቤቱ ይሄዳል፣ ተረኛው ግን ለምግብ ከጣቢያው አይወጣም። ሁለቱንም የሚመኝ ካለ ሌላ ከተማ ይፈልግ። ሠራተኞቹ አንዱን መርጠው በአንድ አፍ ይምጡ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ከበጎ ፈቃደኞቹ ዘመን ጀምሮ የምስጢር ድምፅ የሚሰጡት በቦሎቄ ነው። ነጩ ቦሎቄ ለደመወዝ፣ ቀዩ ለፈረቃ ተባለ፤ በየጣቢያው አፉ የጠበበ የሸክላ ማሰሮ ዞረ። ዜፊሪን፣ ሚስት የሌለው ሰው ግማሹን ቀን የት ሄዶ ይቀመጣል፣ እኔ ነጭ ነኝ ብሎ ጮኾ ጣለ። ምስጢር ነው ተብሏል እኮ ቢሉት፣ የእኔን ምስጢር ሁሉም ያውቀዋል አለ። የየጣቢያው ማሰሮ ተገልብጦ በዋናው አዛዥ ጠረጴዛ ላይ ሲቆጠር ግን ነጩና ቀዩ እኩል ለእኩል ሆነ። በጥንቱ ልማድ ድምፅ እኩል ሲሆን የሚቆርጠው በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆነው ሻምበል ነው፤ ለዚሁ ሲባል የእርሱ ድምፅ ሳይጣል ይቆያል። የሁሉ ታላቅ ሻምበል ቴሌስፎር ነበሩ።

እርሳቸውም አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ቦሎቄ በኮታቸው ኪስ ይዘው ሰነበቱ። ጡረታ የመጨረሻው ደመወዝ ግማሽ ነው። ደመወዙ በሲሶ ካደገ የእርሳቸውም ጡረታ በሲሶ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ከወንዙ መታጠፊያ ያለችውን፣ ጓሮዋ ለድንችና ለዶሮ የምትበቃውን ትንሽ ቤት መግዛት ይችላሉ። ዴልፊን ቤቲቱን በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፈረቃው ከተመረጠ ደግሞ ሻምበሉ ደስታውን የሚያዩት ጥቂት ወር ነው፤ ጡረታቸው በድሮው ደመወዝ ተሰፍሮ፣ በኪራዩ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

በራት ሰዓት ነገሩን ለዴልፊን ዘረገፉት። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር የአተሩ ሾርባ ያለ አሳማ ሥጋ ተሠርቷል፤ ሻምበሉ በማንኪያ እያማሰሉት ሳይበሉ ቀሩ።

"ብላ እንጂ፤ ሰዓትህ እያለቀ ነው" አሉ ዴልፊን።

"ቤቷስ?"

"ቤቷማ ቆንጆ ናት።"

"እንግዲያው ነጩን ልጣል?"

"እኔ መቼ እንዲህ አልኩ? ደግሞ ቀዩን ጣል አላልኩም። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ሙሉ ነገር ተነጋግረን ስለማናውቅ ነው የምትጨነቀው" አሉና ዳቦውን ቆርሰው ሰጧቸው። "የወደድከውን አድርግ፤ ግን እቤት መጥተህ አትቆዝምብኝ። ከጥቅምት በኋላ ቀኑን ሙሉ ነው የማይህ፤ የሚቆዝም ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ አልችልም።"

ጉባኤው የዋለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመንገድ መብራትና የመናፈሻ አጥር ጉዳይ ቀድሞ ሲያከራክር ጊዜው ገፋ፤ የእሳት አደጋው ተራ ሲደርስ በመስኮቱ መብራቶች መታየት ጀምረው ነበር። የየጣቢያው ሻምበሎችና ዕረፍት ላይ ያሉት ሰዎች፣ ዜፊሪንም ጭምር፣ ልብሳቸውን አሳምረው በኋለኛው ወንበር ተደርድረዋል። ሚስተር ስቶዳርድ መነጽራቸውን አውልቀው ሻምበል ቴሌስፎርን አስነሧቸውና፣ ሠራተኞቹ የመረጡት የትኛውን እንደሆነ እንዲናገሩ ጠየቋቸው።

"ክቡራን" አሉ ሻምበሉ፤ እጃቸውም ኪሳቸው ውስጥ ገባ።

በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ በላይ ካለው ግንብ የከተማው ደወል መታ። የእሳት ጥሪ በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ የመንገድ ጥግ የራሱ ቁጥር አለው። በኋለኛው ወንበር ያሉት ሁሉ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ጀመር። አራት መታ፤ ዝም አለ፤ ሰባት መታ። አርባ ሰባት የድልድዩና የሴዳር ጎዳና ጥግ ነው፤ ትንሿ ካናዳ። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ፤ ሻምበሉም የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ፣ ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ። ተረኛ አልነበሩም፤ ለጉባኤው ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል፤ እግራቸው ግን ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም።

የአዳራሹ ሰው ደነገጠ። አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው፣ ጥያቄ ሲጠየቁ ሮጠው የሚወጡ ሰዎች ምን ቢደረግላቸው ነው፣ ይህ ንቀት ነው፣ ጉዳዩ ለዚህ ዓመት ይዘጋና ወደ መናፈሻው አጥር እንመለስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ደጋፊም አላጡም። ሚስተር ስቶዳርድ ካፖርታቸውን አነሡ።

"አጥሩ የትም አይሄድብንም" አሉና ተከትለው ወጡ።

በሴዳር ጎዳና የተነሣው እሳት ታላቅ እሳት አልነበረም፤ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓሣ የሚጠበስበት ዘይት ተቀጣጥሎ መጋረጃውን ይዟል፤ ከመጋረጃው ግድግዳውን ሊይዝ ነው። የቤቱ ሰዎች ወጥተው መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ሴትየዋ የግድግዳ ሰዓቷን ታቅፋለች። እንዲህ ያለውን እሳት አምስት ሰው በአንድ ቱቦ ሳይሳል ያጠፋዋል። ቀዪቱ መኪና ግን የመጣችው በሁለት ሰው ነበር፤ ኦቪላና ሌላው ጓደኛቸው ራት ላይ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ የመንገዱን ቧንቧ ሊከፍት ሲሮጥ ሌላው የቱቦውን አፍ ይዞ ደረጃውን ወጣ፤ ውሃ የሞላው ቱቦ ከመታጠፊያው ላይ ተጣሞ አልሳብ አለው፤ ጢሱም ወደ ሦስተኛው ፎቅ መውጣት ጀመረ።

ኦቪላ የራት ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ከመንገዱ ማዶ ሮጦ ደረሰ፤ ሻምበሉና ዜፊሪንም ከድልድዩ በኩል ደረሱ። የሌላ ጣቢያ ሰዎች ገና ከኋላ ናቸው። ሻምበሉ ኦቪላን ወደ ላይ ላኩት፤ ዜፊሪንን ጎረቤቱን እንዲያስወጣ አዘዙት፤ እርሳቸው ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ቱቦውን እየሳቡ ዘወር ሳይሉ፣ ከኋላቸው ለቆመው ሰው አንዱን ጥምዝ አስታቀፉት።

"ያዝ! ወደ እኔ ስጥ፣ ስልህ ብቻ ስጥ፣ ወሬ አታብዛ!"

ሰውየውም ወሬ አላበዛም። ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ያፈስስ ስለ ነበር ውሃው ፊቱን እየመታው፣ ካፖርቱ ላይ እየረጋ፣ ያዝ ሲባል ያዘ፣ ስጥ ሲባል ሰጠ። ከላይ ኦቪላ እሳቱ ጠፍቷል ብሎ ሲጮህ ሻምበሉ ዞር ብለው አዩት። ሚስተር ኢላይጃ ስቶዳርድ ነበሩ።

"አንተ ብዬዎታለሁ" አሉ ሻምበሉ።

"ሚስቴ እንኳ እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም" አሉ ሚስተር ስቶዳርድ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"በራት ሰዓት እንዲህ ነው። በምሳም፣ በቁርስም።"

"ቤታችሁ አትሂዱ ማለት አይችሉም?"

"እችላለሁ። ነገውኑ ፋብሪካ ይገባሉ።"

ሽማግሌው እጃቸውን በብብታቸው ወሸቁ። "ደመወዙ ቢጨመርስ?"

ሻምበል ቴሌስፎር ቀና ብለው ደረጃውን አዩ። ኦቪላ ፊቱ ጠቁሮ፣ የራት ጨርቁ አንገቱ ላይ እንዳለ እየወረደ ነበር፤ የቤቱ ሴት ደግሞ ሰዓቷን ለጎረቤት አስይዛ ልታቅፈው ትጠብቀዋለች። ሻምበሉ በወንዙ መታጠፊያ ያለችውን ቤት አሰቧት፤ ጓሮዋን፣ ዴልፊን ዐይናቸውን ያሳረፉባትን የአጥር ቀዳዳ ሳይቀር አሰቡ። ከዚያም ተናገሩ።

"ደመወዝ ብትጨምሩ ሰዎቼ አይሄዱብኝም። ነገ ራት ሰዓት እሳት ቢነሣ ግን ደረጃው ላይ እርስዎን መጥራቴ ነው። እኔ በጥቅምት እወጣለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚጠራዎትም ላይገኝ ይችላል።" ቀዩን ቦሎቄ አውጥተው በሚስተር ስቶዳርድ እርጥብ መዳፍ ላይ አኖሩት። "ፈረቃው ይሁን።"

ሚስተር ስቶዳርድ የጡረታውን ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ቦሎቄውን በጣታቸው አገላበጡት። "ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ?" አሏቸው።

"ባለቤቴ ታውቀዋለች። እቤት መጥተህ አትቆዝም ብላኛለች፤ ሌላ ነገር አላስቸገረችኝም።"

ሚስተር ስቶዳርድ ወደ አዳራሹ የተመለሱት ካፖርታቸው እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር፤ ዓሣና ጢስ ይሸታሉ። ያኔ ምን እንደተናገሩ በቦታው የነበሩት ሁሉ በየፊናቸው አውርተዋል፤ ድምፁ ሲቆጠር ግን ሁለቱ ፈረቃ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ሻምበሉ ኦቪላን ዳግም አልለመኑትም። ለፋብሪካው መልስ የሚሰጥበት ሰኞ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዶላሩ ዛሬም ሃያ ሁለት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱም ሠላሳ ስምንት ነው። ሰኞ ጠዋት ኦቪላ መጥቶ ጨርቁን አነሣና ናሱን ያሽ ጀመር፤ ዛሬ ግን ከዳር እስከ ዳር ነበር።

"አልፎንሲን ምን አለች?" አሉ ሻምበሉ መታገሥ ሲያቅታቸው።

"ማታ ማታ ቤት የሚገባ ሰው ከሆንክ የልጆቹን ጫማ አንተው ትጠግናለህ፣ የጫማ ሰፊ ዋጋ ይቀርልናል አለች።"

"አንተስ?"

"እኔማ ጫማ መጠገን አልችልም። እማራለኋ።"

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ነጩን የጣለው ዜፊሪን ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ ሲሰናበት ሁሉንም አቅፎ ስሞ፣ በወር አንዴ ቢራ እጋብዛችኋለሁ ብሎ ነበር። ቅጠል ሲረግፍ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ፋብሪካውም መጀመሪያ ያሰናበተው የእሳት ጥበቃውን ሆነ። ዜፊሪን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተመለሰ፤ ከታናናሾቹ ሁሉ ታናሽ ሆኖ ተቀጠረ፤ ያን ዓመት ሙሉ ወለል ሲያጥብ አዲሶቹ ቅጥረኞች ቢራው የት አለ እያሉ ፈጁት። እርሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ሻምበል ቴሌስፎር በጥቅምት ጣቢያውን ለኦቪላ ቱርኮት አስረከቡ፤ በሁለቱ ፈረቃ ዐሥራ ሁለት ሰው ነበረበት። የወንዙን መታጠፊያ ቤት አንድ የባቡር ሠራተኛ ገዛት። ዴልፊን በሦስተኛው ፎቅ ሰገነት ላይ በባዶ የጮማ ጣሳ ቲማቲም ተከሉ፤ ሻምበሉ ውሃ ያጠጣሉ፣ ዴልፊን በዛ፣ አነሰ ይላሉ፤ ሠላሳ አራት ዓመት በግማሽ የቀሩ ወሬዎችን አንድ በአንድ እያነሡ ይጨርሳሉ። ጎረቤቶች በበጋው ማታ የሁለቱን ሳቅ እስከ ታችኛው ፎቅ ይሰሙት ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ሻምበሉ ባንድ የየካቲት ጠዋት በእንቅልፋቸው ዐረፉ፤ ሣጥናቸውን ከሦስተኛ ፎቅ ያወረዱት የአራተኛው ጣቢያ ሰዎች ናቸው፤ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ኦቪላ ከፊት ሆኖ ቀስ በሉ፣ እሳቸው መቸኮል አይወዱም ሲል፣ ውሸት ስለነበረ ሁሉም እያለቀሱ ሣቁ።

ዛሬ በሃርተን ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፤ ሁለቱን ፈረቃ ለከተማው የሰጡ ሚስተር ኢላይጃ ስቶዳርድ ናቸው ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ቱቦውን ይዘዋል፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። የሻምበል ቴሌስፎር ስም ግን የትም የለም፤ አጡት የሚባለውም ሲሶ ጡረታ በማንም ሒሳብ አልተመዘገበም፤ ያልተሰጠ ገንዘብ አይጻፍምና። የታሪክ ነገር እንዲህ ነው። የተቃጠለ ቤት ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ ሥራ የለቀቀም ሰው ስሙና ምክንያቱ ይጻፋል። ሳይሄድ የቀረ ሰው ግን ምንም አይጻፍለትም፤ በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ፣ ልጁ በመስኮት እያየው፣ ሥራ ይገባል።